ውሻ እሰሩልኝ ያለው ሶፍትዌር

መጀመሪያ የጠረጠርኩት ልጄን ነው።

ቤታችን ባሕር ዳር፣ ፔዳ አካባቢ ነው። ከዩኒቨርሲቲው ግቢ ብዙም አንርቅም፤ እንጀራዬም ከዚያ ነው። ድሮ መሥሪያ ቤት ውስጥ ጸሐፊ ነበርኩ። ሥራውን ከለቀቅኩ ወዲህ ሳሎን ጥግ ላይ ባለች አንዲት ዴስክቶፕ የተማሪዎችን የመመረቂያ ጽሑፍ ታይፕ አደርጋለሁ፣ ማውጫ አወጣለሁ፣ ኅዳግ አስተካክላለሁ፣ ፕሪንት አደርጋለሁ። ከጥር እስከ ሰኔ የግቢያችን በር ዕረፍት የለውም። ፍላሽ አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ ተማሪ አንዱ ሲገባ ሌላው ይወጣል። ኮምፒውተሯ ቀን የእኔ፣ ማታ የልጆቹ ናት። ወንዱ አሥረኛ ክፍል ነው፤ ሴቷ ስድስተኛ።

ኢንተርኔት የምሰጣት ከስልኬ ነው፤ ሆትስፖት ከፍቼ። በ2017 የካቲት መግቢያ ላይ፣ ወር ያደርሰኛል ብዬ የገዛሁት ጥቅል በአምስተኛው ቀን አለቀ። ሌላ ገዛሁ። እሱም አለቀ። ከዚህ በላይ ማስረጃ አላስፈለገኝም። ልጁ የኳስ ፍቅር አለበት፤ እኔ ከተኛሁ በኋላ ጨዋታ እያየ ነው ብዬ ደመደምኩ። ሁለት ሳምንት ኮምፒውተሯን እንዳይነካ ከለከልኩት።

"እማዬ፣ ኪዳነ ምሕረትን እኔ አይደለሁም!" አለ። አላመንኩትም።

እሱ ተከልክሎም ጥቅሉ ማለቁን አልተወም። ይሄኔ ማፈር ነበረብኝ። እኔ ግን ትንሿን መጠርጠር ጀመርኩ።

ሌላም ምልክት ነበር፤ ከቁብ አልቆጠርኩትም እንጂ። ክሮምን ስከፍት የለመድኩት ጉግል ቀርቶ ስሙን ሰምቼው የማላውቅ መፈለጊያ ይመጣል። ቀኝ ታችኛው ጥግ ላይ በእንግሊዝኛ "ኮምፒውተርዎ 14 ችግር አለበት" የሚል ሣጥን ብቅ ይላል። እዘጋውና ሥራዬን እቀጥላለሁ። ፋኗ ደግሞ ማንም ሳይነካት ትጮኻለች። ያረጀ ዕቃ ይጮኻል፤ እኔም ጉልበቴ ይጮኻል።

የእህቴ ልጅ ፖሊ፣ የዩኒቨርሲቲው የቴክኖሎጂ ግቢ ነው የሚማረው። እሁድ እሁድ ምሳ እኛ ዘንድ ይበላል። ያን ዕለት ከጣና የወጣ ቆሮሶ ጠብሼ ነበር። ገበታው እስኪቀርብ "እስኪ ይቺን ነገር እያት፤ ኢንተርኔት ትጠጣለች" አልኩት።

ሴቲንግ ከፈተ። ኔትወርክ ውስጥ ገባና ዳታ ዩሴጅ የሚለውን ነካ። ባለፉት 30 ቀናት እያንዳንዱ ፕሮግራም ምን ያህል እንደበላ የሚዘረዝር ቦታ ነው። ይሄን ሁሉ ዓመት ስሠራባት እንዲህ ያለ ነገር መኖሩን አላውቅም ነበር። ክሮም ሁለተኛ ነው። አንደኛው ስሙ በ"ዊን" የሚጀምር፣ ረጅም፣ ትርጉም የማይሰጥ ነገር ነው። ብቻውን 11 ጊጋ በልቷል።

"ይሄ ምንድን ነው እቴቴ?"

"እኔ ምን አውቄ? የዊንዶውስ መሰለኝ።"

"እንዲመስልሽ ብለው ነው ስሙን እንዲህ ያወጡለት።"

ከዚያ የተጫኑትን ፕሮግራሞች ዝርዝር ከፍቶ በገቡበት ቀን ደረደረው። አራት ፕሮግራሞች ተከታትለው ተሰልፈዋል። ከአንዱ በስተቀር አላውቃቸውም። አራቱም 1/20/2025 ይላሉ። ተነሥቼ ግድግዳው ላይ ወዳለው የቀን መቁጠሪያ ሄድኩ። ጣቴን እያንሸራተትኩ ፈለግኩ። ጃንዋሪ 20 ማለት ጥር 12 ነው። ቃና ዘገሊላ።

የዚያን ዕለት ልጆቹ ከአባታቸው ጋር የሚካኤልን ታቦት ሊሸኙ ወጥተው ነበር። አንድ ተማሪ ጽሑፉን በማግሥቱ ማስገባት ስለነበረበት እኔ ብቻዬን ቀረሁ። ቤት ውስጥ ሌላ ሰው አልነበረም።

የእህቴ ልጅ ዝም አለ። ልጄም በሩ ላይ ቆሞ ዝም አለ። ዓሣው ቀዘቀዘ።

አሁን ሁሉም ነገር ትዝ አለኝ። የተማሪው አማካሪ አስተያየቱን የላከው በፒዲኤፍ ነው። ወርድ ላይ ገልብጬ ማረም ነበረብኝ። "ነፃ ከፒዲኤፍ ወደ ወርድ መቀየሪያ" ብዬ ፈለግኩና ከላይ የመጣውን ነካሁ። ከላይ የመጣው ማስታወቂያ መሆኑ በደቃቅ ፊደል ተጽፎ ነበር፤ ለደቃቅ ፊደል ጊዜ የለኝም። ገጹ ላይ ሦስት የዳውንሎድ ቁልፎች ነበሩ። ትልቁን አረንጓዴ ጫንኩ። የወረደው ፋይል 2 ሜጋ እንኳ አይሞላም። ያኔ "ጎሽ፣ ቀላል ናት" ብዬ ተደስቼ ነበር። ለካ ያቺ 2 ሜጋ ፕሮግራሙ አይደለችም፤ ደላላዋ ናት። እሷ ቀድማ ገብታ ሌሎቹን ከኢንተርኔት ትጠራቸዋለች።

ከዚያ የተለመደው ነው። ኔክስት። ኔክስት። አይ አግሪ። ኔክስት። ፊኒሽ። ያንን ውል እስከ መጨረሻው አንብቦ የጨረሰ ሰው ካለ መጥቶ ቡና ይጠጣ።

በእነዚህ ገጾች መካከል ግን አንድ ቦታ ሁለት ምርጫ ይመጣል። አንዱ "ሪኮመንድድ" ይላል፤ ደምቆ፣ አስቀድሞ ተመርጦ። ሌላው "ከስተም" ወይም "አድቫንስድ" ይላል፤ ግራጫ ሆኖ፣ የማይነካ መስሎ። ጓዙ የሚታየው ግራጫውን ሲነኩት ነው። የመፈለጊያ ገጽዎን እንቀይር፣ ይህን ማፋጠኛ እንጨምር፣ ይህን ረዳት እንጫን ይላል። ሁሉም ፊት ለፊት "እሺ" የሚል ምልክት ቀድሞ ተደርጎባቸዋል። ማጥፋት ይቻላል፤ ላየ ሰው። እኔ ግን ሠርግ እንደደገሰ ሰው በራፍ ላይ ቆሜ "ግቡ፣ ግቡ፣ ቤት ለእንግዳ" እያልኩ፣ አንድ የጠራሁት ሦስት ያልጠራኋቸውን አስከትሎ ገባ።

አንደኛው እንግዳ ማስታወቂያ ያሳያል። ሁለተኛው የት የት ገጽ እንደምገባ ይመዘግባል። ዳታውን የበላው ሦስተኛው ደግሞ የእኔን ኢንተርኔት ለማላውቀው ሰው ያከራይ ነበር። ሌላ አገር ያለ ሰው በእኔ መስመር ይወጣል፤ ገንዘቡን ፕሮግራሙን የሠራው ይቀበላል። እኔ ባሕር ዳር ቁጭ ብዬ ጥቅል እገዛለሁ።

"ታዲያ ማን ይከፍላቸዋል?" አልኩት። ነገሩ የገበያ ነው። ነፃውን ፕሮግራም የሚያድለው ሰው አብሮ ለሚያስገባው ለእያንዳንዱ ፕሮግራም ኮሚሽን ያገኛል፤ በአንድ ኮምፒውተር ይህን ያህል ተብሎ። የጉግልና የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2016 ይህን ገበያ አጥንተው ነበር። ለአንድ ጭነት የሚከፈለው ከ10 ሳንቲም እስከ 1 ዶላር ከ50 ነበር፤ የአሜሪካ ሳንቲም ማለቴ ነው። በሳምንት ከ60 ሚሊዮን በላይ የማውረድ ሙከራዎችን ቆጥረዋል። ስለዚህ እኔ ያን ዕለት፣ በጭንቀት ላይ ሆኜ ፊኒሽ ስል፣ የሆነ ሰው ኪስ ውስጥ ጥቂት ሳንቲም ገባች። በዋጋዬ ትንሽ ቅር ብሎኛል።

የታወቁ ስሞችም ከዚህ አልጸዱም። የኦራክል ጃቫ ለዓመታት አስክ ቱልባር የሚባል የመፈለጊያ ማስገቢያ አስከትሎ ይገባ ነበር። ሶርስፎርጅ የነፃ ሶፍትዌር ሰዎች መናኸሪያ ነበር፤ እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ እሱም አንዳንድ ፕሮግራሞችን ማስታወቂያ ባዘለ መጠቅለያ ማደል ጀመረ። ጊምፕ የሚባለው የሥዕል ማስተካከያ ሠሪዎች አኩርፈው ወጡ። እ.ኤ.አ. በ2016 የሶርስፎርጅ ባለቤት ሲቀየር ነው ያ አሠራር የቆመው። ይሄን የምናገረው ድርጅት ለማማት አይደለም። "ከታወቀ ቦታ ነው ያወረድኩት" ማለት ብቻውን እንደማይበቃ እኔም ዘግይቼ ስለገባኝ ነው።

የጫንኩት ፋይል ዳውንሎድስ ውስጥ አሁንም ተቀምጦ ነበር። የእህቴ ልጅ ሳይከፍተው ቫይረስቶታል የሚባል ገጽ ላይ ጫነው። ገጹ ነፃ ነው፤ አንድን ፋይል ሰባ የሚደርሱ አንቲቫይረሶች ፊት በአንድ ጊዜ ያቀርበዋል። የአንቲቫይረሶቹ ስም ቁልቁል ሲደረደር ከአጠገባቸው ቀይ በቀይ ሆነ። ይሄ ሁሉ እያወቀው እኔ ቤት እንዴት ገባ?

"የእኔ አንቲቫይረስስ የት ሄዶ ነው?"

አሁን የምነግራችሁ ከሁሉም በላይ ያናደደኝን ነው። ዊንዶውስ 10 አብሮት የሚመጣ የራሱ ዲፌንደር አለው፤ ክፍያ የለውም። ከፈትነው። አረንጓዴ ነው። ሁሉም ሰላም ነው ይላል። የእህቴ ልጅ ወደ ታች ወረደና ኤክስክሉዥን የሚለውን ነካ። "እዚህ ቦታ አትፈትሽ" ተብሎ የሚታዘዝበት ዝርዝር ነው። አንድ መስመር ብቻ ነበረበት። ሲ ድራይቭ። አንድ ፎልደር አይደለም፤ ድራይቩ በሞላ።

ዘበኛው አለ። ዩኒፎርሙን ለብሷል፣ ዱላውን ይዟል። ብቻ "ወደ ግቢው ፊትህን እንዳታዞር" ተብሏል።

ይሄ ደግሞ ከቃና ዘገሊላም የቀደመ ነው። በ2015 ክረምት የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ወራት ቆየ። ያ ጊዜ ሶፍትዌር ሁሉ በፍላሽ ነበር የሚዞረው፤ ከጓደኛ ወደ ጓደኛ፣ ከሱቅ ወደ ሱቅ፣ እንደ ዘር ጤፍ። አፕዴት የሚባል ነገር የለም። ኮምፒውተሬ ያኔ አልነሣ ብላኝ አንድ ሱቅ ወስጄ ፎርማት አስደረግኩ። ልጁ ዊንዶውሱን ከፍላሽ ጫነ፤ ቀጥሎ ያለ ክፍያ ሕጋዊ የሚያስመስለውን "አክቲቬተር" አስገባ። አክቲቬተሩ ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ይጠይቃል፤ አንቲቫይረሱን አጥፉልኝ ወይም እንዳያየኝ አድርጉልኝ። ልጁ ሲ ድራይቭን በሞላ እንዳያይ አደረገለት። ክፋት አልነበረበትም፤ ሁሉም ሱቅ እንዲህ ነው የሚያደርገው።

እኛ ሰፈር እንግዳ ሲመጣ በር ላይ ቆሞ "ቤቶች! ውሻ እሰሩ!" ይላል። ይታሰርለታል። እንግዳው ሲሄድ ይፈታል። የእኔ ውሻ ግን እንግዳው ከገባ ወዲህ ዓመት ከመንፈቅ ታስሮ ነው የኖረው። ደግሞስ የማላውቀው ሰው መጥቶ "ውሻውን እሰሩልኝ፣ ከዚያ ዕቃ ቤት ልግባ" ቢለኝ እሺ እላለሁ? ሬድ ካናሪ የሚባል የደህንነት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ያስጠነቀቀው ይሄንኑ ነበር። ኬኤምኤስፒኮ የተባለውን አክቲቬተር መስሎ የሚዞር ፋይል ውስጡ ክሪፕትቦት የሚባል የይለፍ ቃል ሌባ ይዞ ነበር። የሚፈልገው ሰው ውሻውን በገዛ እጁ ስለሚያስርለት ሌባው የሚለፋበት ነገር የለም።

ስፓይዌር የሚባለው ሰላይ ፕሮግራም ከቫይረስ የሚለየው በጨዋነቱ ነው። ቫይረስ ያበላሻል፣ ይዘጋል፣ ያስለቅሳል። ስፓይዌር ኮምፒውተራችሁ እንድትሞት አይፈልግም። ዕድሜ ይመኝላታል። ዝም ብሎ ጥግ ይዞ ይቀመጥና ያያል።

እኔ ቤት ምን አለ የሚታይ? እንዲህ ነበር ያልኩት። የተማሪ ጽሑፍ፣ የልጆች ጨዋታ። የእህቴ ልጅ መልስ አልሰጠኝም። ክሮም ውስጥ የይለፍ ቃሎች የሚቀመጡበትን ገጽ ከፍቶ ወንበሩን ወደ እኔ ገፋው። 43 የይለፍ ቃል ተቀምጧል። የእኔ 12 ናቸው። የቀሩት 31ዱ የተማሪዎች ነበሩ። ጽሑፋቸውን ከኢሜይላቸው ለማውረድ እኔ ኮምፒውተር ላይ ይገባሉ፤ ክሮም "ላስቀምጠው?" ሲል አዎ ብለው ይሄዳሉ። ዓምና የተመረቁም ነበሩ። አንዱን መስመር ሲከፍቱ የዓይን ምልክት አለች። እሷን ሲነኳት የይለፍ ቃሉ ይገለጣል። አንዱን ነካን። የልጁ ስምና 1234 ነው።

ሌባው ወስዶት ይሁን አይሁን የምናውቅበት መንገድ አልነበረም። እንደተወሰደ ቆጥረን መሥራት ነበረብን።

በማግሥቱ የደንበኞቼን ደብተር ይዤ ወደ ጣና ዳር ወረድኩ። ቤት ሆኜ እንዳልደውል ልጆቹ ይሰማሉ፤ አፍሬያለሁ። ከደብተሩ የ14ቱን ስልክ አገኘሁ። ዛፍ ሥር ቁጭ ብዬ አንድ በአንድ ደወልኩ። "ልጄ፣ እኔ ነኝ፣ ፔዳ ጽሑፍ የሠራሁልህ። የኢሜይልህን ይለፍ ቃል ዛሬውኑ ቀይር። ከእኔ ቤት ወጥቶ ሊሆን ይችላል።" ይህን 14 ጊዜ ማለት ምን እንደሚመስል ልነግራችሁ አልችልም። የሰው አደራ ነው።

አንዷ "እሺ እትዬ፣ ተባረኪ" ብላ ስልኩን ሳትዘጋ ቀየረችው። አንዱ ሳቀብኝ፤ "የእኔን ጥናት የሰረቀ ካለ ዲፌንሱንም እሱ ያቅርብልኝ" አለ። ከመራዊ እየተመላለሰ የቅዳሜና እሁድ የተማረ አንድ መምህር ግን ዝም አለ። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ "ሃሎ?" አልኩ። "እኔ እኮ እትዬ" አለ ቀስ ብሎ፣ "ለሁሉም ነገር ያንኑ ነው የምጠቀመው። ለቴሌግራሙም፣ ለፌስቡኩም፣ ለሁሉም።" ከዚያ ተቆጣ። አልፈረድኩበትም።

ፊቴ ላይ አንድ ታንኳ እንጨት ተሸክማ ከዘጌ በኩል እየመጣች ነበር። እንቦጭ ትዝ አለኝ። መጀመሪያ ያየሁት ደምቢያ በኩል ለለቅሶ ስንሄድ ነው። ውኃው ላይ ሐምራዊ አበባ ተነጥፎ አየሁና አምሮኝ መኪና አስቁሜ ፎቶ አነሣሁት። ፎቶው አሁንም ስልኬ ላይ አለ። የእህቴ ልጅ ይሄን ስነግረው ለጓደኞቹ አወራ መሰለኝ፣ አሁን ፖሊ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር የገባበትን ኮምፒውተር "እንቦጭ ይዞታል" ይላሉ አሉ።

የእኔን የይለፍ ቃሎች የቀየርኩት ከስልኬ ነው። ይሄ አንዱ ዋና ነገር ነው፤ በታመመችው ኮምፒውተር ላይ ሆናችሁ ብትቀይሩ አዲሱንም ያየዋል። ቴሌግራም ላይ ደግሞ ይለፍ ቃል መቀየር ብቻ አይበቃም። ኮምፒውተር ላይ ያለው ቴሌግራም የገባበትን ማስረጃ ፎልደር ውስጥ ያስቀምጣል። ያን ፎልደር የገለበጠ ሰው ኮድ ሳይጠየቅ ይገባል። ስለዚህ ስልካችሁ ላይ ሴቲንግ፣ ዲቫይስስ ብላችሁ ከስልኩ በቀር ሁሉንም አስወጡ። የእኔ ዝርዝር ላይ ሦስት መሣሪያዎች ነበሩ። ሁለቱን አውቃቸዋለሁ።

ኮምፒውተሯን መጀመሪያ ለማጽዳት ሞከርን። ዲፌንደር ዊንዶውስ ሳይነሣ የሚፈትሽበት "ኦፍላይን ስካን" የሚባል አለው፤ ሩብ ሰዓት ያህል ይፈጃል። ሁለት ጊዜ ጀመርነው፤ ሁለቴም መብራት ሄደ። በሦስተኛው ጨረሰና ስድስት ነገር አወጣ። የእህቴ ልጅ ግን ራሱን ነቀነቀ። "ሲ ድራይቭ ዓመት ከመንፈቅ ሳይፈተሽ ከርሞ ስድስት ብቻ? እኔ አላምናትም።" ፎርማት ይሻላል አለ። በዚህኛው ዙር ግን የሱቅ ፍላሽ የለም። ግቢ ሄዶ፣ በራሱ ላፕቶፕ፣ ከማይክሮሶፍት ገጽ ዊንዶውሱን አውርዶ 8 ጊጋ ፍላሽ ላይ አዘጋጀው። ሰነዶቼን በውጭ ሃርድ ዲስክ አወጣን፤ ሰነድ ብቻ፣ አንድም ፕሮግራም ሳንጨምር።

አክቲቬተርም አላስገባንም። ፈቃዱን እስክገዛ ድረስ ቀኝ ጥግ ላይ "አክቲቬት ዊንዶውስ" የሚል ደብዛዛ ጽሑፍ አብሮኝ ይኖራል፤ የጀርባ ሥዕሉንም ከሴቲንግ መቀየር አይቻልም። ዲፌንደሩ ይሠራል፤ አፕዴቱም የዊንዶውስ 10 ድጋፍ እስኪቆም ድረስ ይመጣ ነበር። የመጣው ተማሪ ሁሉ ያን ጽሑፍ ሲያይ ያዝንልኛል። "እትዬ፣ ላስተካክልልሽ? ፍላሼ ላይ አለኝ" ይላል። ፍላሹ ላይ መኖሩ ነው እኮ ጉዱ።

ዲፌንደር ውስጥ አንድ ተጨማሪ ነገር አበራን። "ፖተንሻሊ አንዋንትድ አፕ ብሎኪንግ" ይባላል፤ ሪፒውቴሽን ቤዝድ ፕሮቴክሽን ከሚለው ሥር ነው። ቫይረስ ያልሆኑ፣ ግን ጓዝ ይዘው የሚመጡ ፕሮግራሞችን የሚይዘው እሱ ነው። የእኔን ደላላ የሚይዝልኝም እሱ ነበር፤ ውሻው ባይታሰር ኖሮ።

አሁንም ነፃ ሶፍትዌር ነው የምጠቀመው፤ ገንዘብ የት አለኝ? ለመጻፍ ሊብሬኦፊስ፣ ለቪዲዮ ቪኤልሲ፣ ለተጠቀለለ ፋይል ሰቨንዚፕ። ሦስቱም የመሠረት ኮዳቸው ለማንም ክፍት ነው፤ ጓዝ ቢያስገቡ አንዱ ያየዋል። የማወርደው ከሠሪዎቹ ከራሳቸው ገጽ ነው፤ ከፍለጋው አናት ላይ ካለው ማስታወቂያ አይደለም። ሊብሬኦፊስ የተማሪዎቹን ሠንጠረዥ አንዳንዴ ያንጋድድብኛል፤ አልዋሽም። ማውጫውንም ሁለቴ መሥራት አለ። የራሳቸው ገጽም ቢሆን መቶ በመቶ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2017 ሲክሊነር የሚባለው የታወቀ ማጽጃ ከገዛ ሠሪው ገጽ ነበር ተመርዞ የወረደው፤ 5.33 የሚባለው ዕትም ከ2 ሚሊዮን በላይ ኮምፒውተሮች ውስጥ ገብቷል። ያን የመሰለውን እኔ ልከላከለው አልችልም። የራሴን ኔክስት ግን ልከላከል እችላለሁ።

ኧረ የሚያስቀውን ረሳሁት። ያ ሁሉ መዘዝ የመጣበት ፒዲኤፍ ወደ ወርድ መቀየር ነበር አይደል? ወርድ ከ2013 ዕትም ጀምሮ ፒዲኤፍ ራሱ ይከፍታል። ኦፕን ብለው ፋይሉን መምረጥ ብቻ ነው። ያኔ ኮምፒውተሬ ላይ የነበረው 2016 ነው።

በመጨረሻ የእህቴ ልጅ ያደረገው ነገር ከሁሉም በላይ ጠቀመኝ፤ ያኔ ግን ተቀይሜው ነበር። ኮምፒውተሯ ላይ ሦስት አካውንት ከፈተ። አንዱ አስተዳዳሪ ነው፤ ፕሮግራም መጫን የሚችለው እሱ ብቻ ነው። ሁለቱ ስታንዳርድ ናቸው፤ አንዱ ለልጆቹ።

"ሌላኛውስ ለማን ነው?" አልኩት።

"ለአንቺ።"

"በገዛ ቤቴ?"

"እቴቴ፣ ቃና ዘገሊላ ዕለት ማን ነበር ቤት የነበረው?"

የአስተዳዳሪውን ይለፍ ቃል ወረቀት ላይ ጻፍኩት። ወረቀቱ መኝታ ቤት፣ ሣጥን ውስጥ፣ ከቤቱ ካርታ ጋር ነው ያለው። አዲስ ነገር መጫን ሲያምረኝ ስክሪኑ ደብዘዝ ይልና ይለፍ ቃል ይጠይቀኛል። ያዘጋጀው ማን እንደሆነም እዚያው ይጽፋል፤ ካልታወቀ "አንኖውን" ብሎ ቢጫ ያደርገዋል። ተነሥቼ ሳሎኑን አቋርጬ፣ ሣጥኑን ከፍቼ፣ ወረቀቱን ይዤ መመለስ አለብኝ። 12 እርምጃ ነው፤ ቆጥሬዋለሁ። እስካሁን አምስት ጊዜ ተነሥቻለሁ። ሦስቱን ጊዜ ሣጥኑ ጋ ሳልደርስ ተመልሼ ተቀምጫለሁ።

ዊንዶውስ 10 እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 ድጋፉ ቆሟል፤ ኮምፒውተሬ ደግሞ ለ11ዱ አርጅታለች። ያ የሚቀጥለው ራስ ምታቴ ነው። የእህቴ ልጅ በዊንዶውስ ፈንታ ሊኑክስ፣ ሊኑክስ ይላል። ዓሣ ስጠብስ ይምጣና እንነጋገራለን።

ልጄን ይቅርታ ጠየቅኩት። "ምንም አይደለም እማዬ" ይለኛል ብዬ ነበር። እሱ ግን የሁለት ሳምንት ካሳ ይገባኛል አለ። በጊጋ አስልቶ ወረቀት ላይ ጽፎ ሰጠኝ። ከፈልኩት። ትናንት ማታ ደግሞ አንድ ጨዋታ ለመጫን የሣጥኑን ወረቀት ስጪኝ ብሎ መጣ።

"ለልጅ አይሰጥም" አልኩት።

"እሺ፣ ያኛው የገባው በልጅ እጅ ነበር እንዴ?"

ወጡ እንዳያርብኝ ብዬ ወደ ማድ ቤት ገባሁ።